ጊዜውን የሚያውቅ ቫልቭ

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን ለዓለም ካበረከተ በኋላ፣ ይህ መሣሪያ በጉልበትም በፍጥነትም ከዘመን ወደ ዘመን እየገሠገሠ ቢሄድም፣ አንድ ብርቱ ችግር ከመቶ ዓመት በላይ አብሮት ኖሯል፤ ይኸውም አየርና ነዳጅ የሚገባበት ቫልቭ በየትኛው ቅጽበት ይከፈት፣ በየትኛውስ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ ነው።

ቫልቭን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ሲሆን፣ የመክፈቻውን ጊዜና መጠን የሚወስነው በዘንጉ ላይ ያለው ጉብታ ቅርጽ ነው፤ ይህም ቅርጽ አንድ ጊዜ ከብረት ከወጣ በኋላ አይለወጥም። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል። አየርም ክብደት ያለው፣ አንዴ ከተንደረደረ ቶሎ የማይገታ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ በእንዲህ ያለው ጥድፊያ ፒስተኑ ታች ደርሶ ሽቅብ መመለስ ከጀመረ በኋላም ቫልቩ ጥቂት ክፍት ቢቆይ ሲሊንደሩ ይበልጥ ይሞላል። ዳሩ ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ያው መዘግየት ጕዳት ይሆናል፤ ፒስተኑ የገባውን አየር ወደ መጣበት መልሶ ይገፋዋልና። ስለዚህ መሐንዲሱ ከሁለቱ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን ይሠዋ ነበር።

ይህን ቀንበር ለመስበር ለገበያ በበቃ መኪና የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው የኢጣልያው አልፋ ሮሜዮ ነው፤ ጃምፓዎሎ ጋርቼያ የተባለው መሐንዲስ ያዘጋጀው፣ የመግቢያውን ካምሻፍት አቀማመጥ እንደ ሞተሩ ሁኔታ የሚያዞር ስልት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በስፓይደር መኪና ላይ ታየ።

ከዚያ ቀጥሎ ነገሩን ወደ ላቀ ማዕርግ ያደረሱት ጃፓኖች ናቸው። የሆንዳው መሐንዲስ ኢኩዎ ካጂታኒ ከ1.6 ሊትር ሞተር 140 የፈረስ ጉልበት ለማውጣት ሲያስብ፣ የምርምሩ የበላይ የነበሩት ኖቡሂኮ ካዋሞቶ በእያንዳንዱ ሊትር 100 እንዲሆን ጠየቁ። ካጂታኒም ለእያንዳንዱ ጥንድ ቫልቭ ሦስት ጉብታ መደበ፤ ሁለቱ ለዝግታ፣ መካከለኛው ለፍጥነት። የሞተሩ ዙር ሲያይል ኮምፒውተሩ የዘይትን ግፊት ይልካል፤ ግፊቱም ትንሽ የብረት ካስማ ገፍቶ የጉብታዎቹን ግፊት ወደ ቫልቮቹ የሚያደርሱትን ሦስት ክንዶች እንደ አንድ አካል ያቆራኛቸዋል፤ ያን ጊዜ ቫልቮቹ ለመካከለኛው ጉብታ ብቻ ይታዘዛሉ። ቪቴክ የተባለው ይህ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1989 በኢንቴግራ ላይ ሲወጣ፣ ያለ ቱርቦ 160 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ በከተማ ጕዞም ጭምትነቱን አላጣም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ቶዮታ ቪቪቲ-አይ በተሰኘው ስልቱ፣ ጊዜውን በሁለት ደረጃ ብቻ ሳይወስን፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ያለ ማቋረጥ የሚያስተካክል ሥርዐት አመጣ፤ በዚህም ጉልበት ሲጨምር፣ የነዳጅ ፍጆታና ከጭስ ማውጫ የሚወጣው መርዝ ቀነሰ። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚመላለሱት ብዙዎቹ ቪትዝና ኮሮላዎች የዚሁ ጥበብ ወራሾች ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ረቂቅ ሥራ በአንድ ተራ ነገር፣ በሞተር ዘይት ግፊት እንደሚታዘዝ አስተውል። ዘይቱ ሲቆሽሽ በመተላለፊያው ላይ ያለችው ደቃቅ ወንፊት ትደፈናለች፤ ግፊቱ በጊዜው አይደርስም፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ብዙ ሊቃውንት የደከሙበትን ጥበብ በቸልታ እንዳታጠፋው፣ ዘይትህን በወቅቱ ቀይር።