ከባለሙያ ጎን መቀመጥ፦ ወጣትን ሥራ ፈጣሪ የሚያደርገው ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ካወጣበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ለሥራ አጥ ወጣት የሚሰጠው መልስ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ተደራጅ፣ ሠልጥን፣ ተበደር። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም ገንዘቡ በዛ እንጂ ቀመሩ ያው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የፈጠራ ውድድር፣ የስታርታፕ ሽልማትና የ«ይቻላል» ንግግር ተጨምረውበታል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ግምት ወጣቱ የሚጎድለው ወይ ገንዘብ ነው፣ ወይ ወኔ ነው የሚል ነው። ግምቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ከሁለቱም በፊት ለወጣቱ የሚጎድለው ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጎን ተቀምጦ ሥራው ሲሠራ፣ ሲበላሽና ሲታረም የማየት ዕድል ነው፤ ገንዘብም ዘላቂ ፍሬ የሚሰጠው ይህ ሲቀድመው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ለዚህ ክርክር የሚሆን ማስረጃ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ በሦስት መደቧቸው። አንደኛው ምድብ በድርጅቶቹ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ የገንዘብ ስጦታና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በሲሶ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ በድርጅቶቹ የተቀጠሩት ግን ምንም ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑትም ዓመቱ ሳይሞላ ሥራውን ጥለው ወጥተዋል። ጥናቱ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የቀመራችን ምስክር በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ በሦስቱ ምድቦች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። በሰሜን ዩጋንዳ ለወጣት ቡድኖች የተሰጠ የገንዘብ ድጋፍም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በአራተኛው ዓመት የተረጂዎቹ ገቢ ካልተረዱት በ38 ከመቶ በልጦ ነበር፤ በዘጠነኛው ዓመት ገቢው እኩል ሆነ። እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ውጤት አለ። የዩጋንዳው ገንዘብ የተሰጠው ለሙያ ሥልጠናና ለመሣሪያ መግዣ ነበር፤ ገቢው ቢስተካከልም በሙያ ሥራ ላይ መሰማራትና የንብረት ብልጫው እስከ ዘጠነኛው ዓመት ዘልቋል። ገንዘቡ አለቀ፣ ሙያው ቀረ ማለት ነው። የኢትዮጵያውን ውጤት ከዚህ ጋር አስተያይቼ ሳነብበው፣ በአምስት ቀን ሥልጠናና በትንሽ መነሻ ችርቻሮ መጀመር እንደሚቻል፣ ችርቻሮውን ወደ ሌላ ነገር ለማሳደግ ግን የሚያስፈልገው እውቀት በዚያ ጥቅል ውስጥ እንዳልነበረ እረዳለሁ።

ፈጠራን በተመለከተ ማስረጃው ይበልጥ ግልጽ ነው። አሌክሳንደር ቤል፣ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት 1.2 ሚሊዮን የሚሆኑ አሜሪካውያን የፈጠራ ባለቤቶችን የሕይወት መስመር ተከትለዋል። በገቢ ከላይኛው አንድ ከመቶ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከታችኛው አጋማሽ ከተወለደው ይልቅ ፓተንት የማግኘት ዕድሉ አሥር እጥፍ ነው፤ ይህንን የሒሳብ ችሎታ ልዩነት ብቻውን አያስረዳውም። የሚያስረዳው ልጆቹ በአቅራቢያቸው ማንን እያዩ ማደጋቸው ነው። በአንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ በሚታወቅ አካባቢ ያደገ ልጅ ሲያድግ የሚፈጥረው በዚያው ዘርፍ ነው፤ ሴት ፈጣሪዎች በበዙበት አካባቢ ያደጉ ልጃገረዶችም የእነርሱን መስመር ይከተላሉ። አጠቃላይ የመነሳሳት ስሜት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ በየዘርፉ ተለይቶ ባልታየ ነበር። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የተወሰነ ሥራ የተወሰነ እውቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፤ ከአሮጌ ባለሙያ ጎን የተቀመጠ ወጣት የሚማረው የአሮጌውን ሥራ ነው፣ ይህ ደግሞ የፈጠራ ተቃራኒ ነው የሚል። ለመልሱ «ላቀች» የተባለውን ምድጃ ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ለከተማ ቤቶች የተሠራው ይህ የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ምሥጢሩ ከቆርቆሮው ውስጥ በተገጠመው የሸክላ ጎድጓዳ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል እንጂ በቆርቆሮው ጎን አያባክነውም። የነገሩ መነሻ የኬንያ ምድጃ ነበር፤ መሐንዲሶችም ንድፉን አሻሽለዋል። ሸክላው ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ አፈሩን መምረጥና ማድረቅ ግን የሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ ነው፤ ከአሮጌ በርሜልና ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ በርካሽ አካሉን ማውጣት ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚታወቅበት ጥበብ ነው። አዲሱ ነገር የተወለደው ሁለት አሮጌ ሙያዎች በተገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱን የማያውቅ ወጣት በውድድር መድረክ ላይ ስለ «ንጹሕ ኃይል» የሚያምር ገለጻ ሊያቀርብ ይችላል፤ ምድጃው ግን ይሰነጠቅበታል።

ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ በዚህ አገር «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ መኖራቸው ለክርክሬ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም፣ ዲግሪ ያለው ልጅ ከብየዳ ቤት ቢገኝ የሚያዝን ቤተሰብ ግን ሞልቷል። ስለዚህ የእኛ አገር ችግር ባለሙያ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ያሉት ባለሙያዎች ካሉበት ቦታ ወጣቶቻችንን እንዲርቁ አድርገን ማሳደጋችን ጭምር ነው።

ሥልጠናም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች በተካፈሉበት ሙከራ፣ ሂሳብ አያያዝና ግብይት የተማሩት ነጋዴዎች ትርፍ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ቀድሞ ማሰብን፣ እንቅፋት ሲገጥም መንገድ መቀየርንና አለመታከትን እንዲለማመዱ የተደረጉት ግን ትርፋቸው በ30 ከመቶ አድጓል። ይህን ውጤት ወኔ ይበቃል ለሚለው ወገን ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ሠልጣኞቹ ሁሉ አስቀድመው የራሳቸው ንግድ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። የተለማመዱት አመል የሚያርፍበት ሥራ በእጃቸው ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከናይጄሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «ዩዊን» የተባለው የንግድ ዕቅድ ውድድር ለ1,200 ያህል አሸናፊዎች በአማካይ ወደ 50,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሰጥቷል። ዴቪድ ማኬንዚ የተባለ ተመራማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያጠናው የአሸናፊዎቹ ድርጅቶች የመዝለቅና አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ የመቅጠር ዕድላቸው በእጅጉ ጨምሯል፤ ምክንያቱም በዋነኛነት ገንዘቡ ራሱ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ አይሠራም ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን በዚህ ልክ ገንዘብ በአገራችን በየዓመቱ ወደ ሥራ ገበያ ለሚገባ 2 ሚሊዮን ገደማ ወጣት አይዳረስም፤ ለጥቂቶች ብቻ ከሆነ ደግሞ ማን ይመረጥ የሚለው ይከተላል። ማኬንዚ ከሌላ ባልደረባው ጋር የዳኞቹን ነጥብ ከድርጅቶቹ የኋላ ውጤት ጋር ሲያስተያይ፣ ዳኞቹ ማን እንደሚሳካለት አስቀድመው መለየት አልቻሉም፤ በኮምፒውተር የተሞከረው ስሌትም ብዙም አልተሻለም። ይህ ለውድድር ወዳዶች አሳሳቢ ዜና ሊሆን ይገባል። አሸናፊውን አስቀድሞ ማወቅ ካልተቻለ፣ የሚያዋጣው ብዙ ወጣቶች በርካሽ ሊሞክሩበት የሚችሉበትን ቦታ ማስፋትና ከፍ ያለውን ገንዘብ በሥራ ላይ ከታዩ በኋላ መስጠት ነው።

አመራርም የሚማሩት እንደዚሁ ነው፤ በእኛ አገር ይህን ከዕቁብ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ዳኛው ዕጣ ቀድሞ ለወጣለት አባል ብር ከመስጠቱ በፊት ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ ብቁ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ስለ ሰውየው ገበያው የሚያውቀውን ይዞ ነው፤ ቢሳሳት የሚጠየቀው ዳኛው ራሱ ነው። ጸሐፊውም ከጎኑ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል፤ ሰውን መመዘን የሚማረውም እንደዚያ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ስማቸው ተዘርዝሮ «ማኅበር» የሚባሉት ወጣቶች ሰብሳቢ ግን ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ራሱም አያውቅም። አብረው ለመሥራት ያልተማመኑ ሰዎችን ብድር ለማግኘት ብቻ ማደራጀት አመራርን አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ኃላፊነትን ለሌላው መተውን ነው። ሕጉ ራሱ ከዚህ አስተሳሰብ እየወጣ መሆኑ ደግ ነው፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የ2013ቱ ሕግ ለአንድ ሰው ፈቅዷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅም የልብስ ስፌት ማሽንን ወይም የብየዳ መሣሪያን ለብድር ማስያዝ እንዲቻል በር ከፍቷል። ቤትና መሬት የሌለው ወጣት የሙያ ዕቃውን ይዞ ብቻውን ወደ ባንክ መሄድ ይችላል ማለት ነው፤ ባንኮች ይህን በተግባር እስኪለምዱት ጊዜ ቢወስድም።

ከባለሙያ ጎን መቀመጥ የራሱ አደጋ እንዳለው መካድ አይገባም። ጌታው ወጣቱን ለዓመታት በነጻ ጉልበትነት ሊይዘው፣ ዋናውን ብልሃት ደብቆ ጠራጊና ተላላኪ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገ ተወዳዳሪው የሚሆን ሰው እያሠለጠነ ነውና ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና ተማሪዎቻቸውን ድርጅት ውስጥ ማስገባት የሚቸግራቸው በአብዛኛው ስለዚህ ነው፤ ድርጅቱ ማቴሪያል ያስበላሻል እንጂ ምን ያተርፋል? መፍትሔው ልመና አይደለም፤ ክፍያ ነው። ለተዘዋዋሪ ብድር ከሚመደበው ገንዘብ የተወሰነው ለአሠልጣኙ ባለሙያ የሚከፈል መሆን አለበት፤ ግማሹ ወጣቱ ሥራ ሲጀምር፣ ግማሹ ደግሞ ወጣቱ የሙያ ብቃት (ሲኦሲ) ምዘናውን ሲያልፍ። መዛኙም ከሌላ ሠፈር የመጣ፣ ከጌታው ጋር ጥቅም የማይጋራ ባለሙያ ይሁን። የሥልጠናው ጊዜ አስቀድሞ በውል ተወስኖ፣ ሲያበቃ ወጣቱ መሣሪያውን ራሱን በዋስትና ሊያስይዝበት የሚችል የመሣሪያ ብድር ወዲያው ሊቀርብለት ይገባል።