ከሣር ክዳን እስከ ቆርቆሮ፦ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሙቀቷን በስንት ሸጠችው?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ብርድ የማማረር ሙሉ መብት ያላቸው ሰፈሮች ብዙ አይደሉም። የቦሌ ልጅ “በረደኝ” ቢል አዲስ ጃኬት ሊያሳየን ነው ብለን እናልፈዋለን። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ተለጥፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠ ሰፈር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያደረበት ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከተራራው ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይገባል። ሰው ጋቢ ደርቦ፣ ካልሲ አድርጎ ይተኛል። ሲነጋ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ ደጅ ይወጣል፤ ደጁ ከቤቱ ይሞቃላ!

ይህን ነገር ለምደነው እንጂ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቤት ከደጅ የባሰ ከቀዘቀዘ ቤትነቱ ምኑ ላይ ነው? እኛ መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ቀና ብለን ነው። የፈረንሳይ የብርድ ታሪክ የጣሪያ ታሪክ ነው። ብርዱ ከእንጦጦ ቢመጣም በር የከፈትንለት እኛው ነን። ደግሞም በነፃ አልከፈትንለትም፤ ከመቶ ዓመት በላይ እየከፈልንበት ነው።

ጎጆና ጋቢ

ታሪኩን ከተራራው እንጀምር። አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ (ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ) የመረጡት ቦታ ለጠላት የማይመች ነበር። ለነዋሪውም ቢሆን እምብዛም አይመችም። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ንፋሱም ብርዱም አይጣል ነው። ያም ሆኖ ሰው ኖሮበታል፤ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። እንዴት ቻሉት? ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ግማሹን መልስ ያገኛል፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ከላዩ ወፍራም የሣር ክዳን።

ሣር በራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው በሣሩ መሃል ታስሮ የቀረው አየር ነው። ጋቢም እንዲሁ ነው፤ ድርብ የሆነው በጥጡ መሃል አየር እንዲይዝ ነው። የሣር ክዳን ማለት እንግዲህ ለቤት የለበሰ ጋቢ ነው። ግድግዳውም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲመረግ ጭዱ ጭቃውን ከመያዙም በላይ ብርዱን ያለዝባል። ሣሩ ሌላም ሥራ ነበረው። የምድጃው ጢስ በሣሩ መሃል እየሰረገ ይወጣል፤ ሲወጣም ጥላሸቱ ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቃል። አንድ ጣሪያ ሙቀት ይይዛል፣ ጢስ ያስወጣል።

ይህን ስንል ግን ጎጆን ገነት ለማድረግ አይደለም። ጢሱ ሁሉ አይወጣም ነበር፤ የእናቶች ዓይንና ሳንባ ይመሰክራል። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፣ እሳት ከነካው ደግሞ ሰፈር ይዞ ይሄዳል። ሰው ሣርን የተወው ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ጫካው ሲያልቅ

ሙቀት ከጣሪያ ብቻ አይመጣም፤ ማገዶም ይፈልጋል። በ1879 ዓ.ም. ከተማው ከተራራው ወርዶ አዲስ አበባ ተብሎ ከተቆረቆረ በኋላ የእንጦጦ የተፈጥሮ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ቤት መሥሪያ እንጨት፣ እንጀራ መጋገሪያ እንጨት፣ መሞቂያ እንጨት! ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ በጦርነት ሳይሆን በማገዶ ምክንያት ልትፈርስ ነበር።

ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ሲሆን ካስገቡት ሰዎች መካከል የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ስሙ ተደጋግሞ ይነሣል። ሌላው ፈረንሳዊ፣ የመንግሥቱ መልእክተኛ ሌዎንስ ላጋርድ፣ ከአድዋ ድል በኋላ በዓመቱ በ1889 ዓ.ም. መጥቶ ከምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለ። ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእንጦጦ ግርጌ የተሰጠው መሬት ከ40 ሄክታር በላይ ነው፤ ዛሬም ኤምባሲው በዛፍ ተሸፍኖ እዚያው አለ። ሰፈራችንም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ለጋሲዮንነቱ ቀርቶ ኤምባሲ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ታክሲው ግን አሁንም “ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!” ይላል።

ባቡር ያመጣው ጣሪያ

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። መጀመሪያ የቤተ መንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመኳንንት ጌጥ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ከባድ ዕቃ ከባሕር እስከ ከተማው መሃል መጫን ቀለለ፤ ቆርቆሮም እያደር ወደ ተራው ሰው ቤት ወረደ። ከባሕር ዛፉ ጋር ጋብቻው የሰመረ ነበር። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ለማገርና ለወጋግራ፣ ጭቃ ለግድግዳ፣ ቆርቆሮ ለክዳን። ዛሬ “የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈር” ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቤት ይህ ነው።

ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ ቶሎ ይገጠማል፣ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፣ ባለቤቱንም ያስከብራል። ቀጭን ብረት ነውና ሙቀት መያዝ ግን አይችልም። ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሌሊት ጥርት ወዳለው ሰማይ ሙቀቱን እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ከእኛ ትንፋሽና ከድስቱ የተነሣው እንፋሎት ከሥሩ ሲነካው ውሃ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ ሳይኖር ጣሪያ የሚያፈስበት ምሥጢር ይህ ነው። ጢሱም መሄጃ አጣ። ሣሩ ይሠራቸው የነበሩትን ሁለት ሥራዎች፣ ሙቀት መያዝንም ጢስ ማስወጣትንም፣ ቆርቆሮው አንዱንም አልሠራልንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

ለዚህ ከተማው የሰጠው መልስ ኮርኒስ ነው። ገንዘብ ያለው በችፑድ፣ የሌለው አቡጀዴ ወጥሮ ቀለም ቀብቶ፣ እሱም ካልተገኘ በማዳበሪያ ከረጢትና በካርቶን። ብዙ ሰው ኮርኒስን ለውበት የተሠራ ያደርገዋል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን፦ በቆርቆሮውና በሰው መሃል አየር የማሠር ሙከራ ነው። የተወሰደብንን ሣር በጨርቅ ለመመለስ የተደረገ ጥረት! ሙከራው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ኮርኒስ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ የአይጥ ሰፈር ሆኖ ቀረ።

1966፦ አንድ ነዳጅ፣ ሁለት ታሪክ

እዚህ ላይ ስማችንን ወደ ተዋስንበት አገር ጎራ እንበል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሰበብ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ። ፈረንሳይ ቤቷን የምታሞቀው በአብዛኛው ከውጭ በገባ ነዳጅ ነበርና ደነገጠች። በዚያው ዓመት ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን የሙቀት ጥበቃ ደንብ አወጣች፦ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት እንዳያባክን የማድረግ ግዴታ አለበት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ በየጊዜው እየጠበቀ ሄደ።

ያው የነዳጅ ዋጋ አዲስ አበባም ደርሷል። በየካቲት 1966 ቤንዚን ሲጨምር ባለታክሲዎች አድማ መቱ፣ መምህራንም ነበሩበት፣ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አንዱ አገር ግድግዳውን ቀየረ፣ ሌላው አገር መንግሥቱን።

አዲሱ መንግሥትም ቤታችንን አልረሳም፤ በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ለድሃው ተከራይ ኪራዩ ቀነሰለት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጣሪያው ግን ባለቤት አጣ። ቀበሌው በሚሰበስበው ኪራይ ቤት ማደስ አይችልም፣ ተከራዩ የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይደፍርም። ስለዚህ ቆርቆሮው ዛገ፣ በላዩ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጫነበት፣ ቀዳዳው በሬንጅ ተደፈነ፣ ኮርኒሱ ላይ የዝናቡ ውሃ የዓለም ካርታ ሣለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ባዶ ብሎኬት ነው። የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ቀን እንዴት እንደሚግል፣ ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ጠይቁት።

ሂሳቡን ማን ከፈለ?

ሙቀት የማይዝ ቤት ሂሳቡ የሚመጣው በማገዶ ነው። የእኛ ደግሞ በሰው ጀርባ ተጭኖ መጣ። ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ቀጨኔ ቁልቁል፣ ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ከፎቶግራፍ በላይ እናውቃቸዋለን። ለእነሱ የደረሳቸው ሳንቲም ነው፤ በየጓዳው የነደደው ግን ጉልበታቸው ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ጫካው መዝናኛ ሲሆን እንኳ የከተማው የማገዶ ፍላጎት አብሮ አልተዘጋም።

ሁለተኛው ሂሳብ ከዚህ ይከፋል። ብርዱ ሲጠና የከሰል ማንደጃ ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃም። “በከሰል ጢስ ታፍነው” የሚል ዜና በየጊዜው የምንሰማው ለዚህ ነው። ሰው ያልያዘውን ሙቀት ሊሞቅ ሲል በሕይወቱ ከፈለ።

ሦስተኛው ሂሳብ የእኛ ትውልድ ነው፦ መብራት። ለ12 ዓመት ያህል ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ጨመረ፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወሰነ። የ2 ኪሎ ዋት የክፍል ማሞቂያ ማታ ማታ ለ3 ሰዓት ቢበራ በወር 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው በቆርቆሮው በኩል ወደ እንጦጦ ሰማይ ይሄዳል። እንጦጦን ለማሞቅ ደግሞ የማንኛችንም ደመወዝ አይበቃም።

ከኮርኒስ በላይ

ታዲያ ወደ ሣር እንመለስ? አይደለም። ቆርቆሮው ዝናቡን ይከልክል፤ ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ግን ለሌላ ነገር እንስጠው። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ።

መጀመሪያ እሳቱ ይውጣ። ከሰል የሚነድበትን ክፍል መድፈን ራስን መቅበር ነው፤ በግድግዳውና በጣሪያው መጋጠሚያ ያለችው ክፍተት ያኔ የነፍስ መተንፈሻ ናት። ከሰሉ ከወጣና ምግብ ማብሰያው ከመኝታው ከተለየ በኋላ ነው ንፋስ ማስገቢያው የሚደፈነው። ያኔም ቢሆን ክፍሉ በመስኮት መተንፈስ አለበት።

ቀጥሎ ቀዳዳው ይደፈን፣ ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈው የመብራት ገመድ በባለሙያ ይታይ። እርጥብ ነገር ሙቀት አይዝም፣ የተላጠ ገመድ ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

ከዚያ ቤቱ ጋቢውን ይልበስ። ፋይበር ግላስም ሆነ ሌላ በቀላሉ የማይቀጣጠል፣ አየር የሚይዝ ነገር ኮርኒሱ ላይ፣ ክፍተት ሳይተው ይነጠፍ። ቆርቆሮው ላይ አይጣበቅ፤ በመሃላቸው አየር ይለፍ።

መጨረሻ ኮርኒሱ ውስጥ ያለው ቦታ ይተንፍስ። በቤቱ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቀዳዳ ትቶ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ እንፋሎቱን ይዞት ይሄዳል፤ ማገሩ አይበሰብስም፣ ካርታውም አይሣልም። ቀን ላይም የጋለው አየር ከኮርኒሱ በላይ ይወጣል። “ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳ ክፈት” ሲባል ያስቃል። ግን ያ አየር የሚያልፈው ከጋቢው በላይ ነው፤ ከሥር ያለን ሰዎች አንነካም። ሣሩ በራሱ ይሠራቸው የነበሩትን ሁለት ሥራዎች አሁን በሁለት ዕቃ ሠራናቸው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከአንድ ፎቅ ሕንፃ መስታወት ይረክሳል። ችግሩ ያው የ1967ቱ ጥያቄ ነው፦ ጣሪያው የማን ነው? አከራይ “አንተ ነህ የምትኖርበት” ይላል፣ ተከራይ “ቤቱ ያንተ ነው” ይላል። በቅርብ ዓመታት በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው አዲስ እየተሠራ ነው። የአዲሶቹ መልክ በስዕል ተደጋግሞ ታይቷል፤ የፊት ለፊቱ ቀለም፣ የመንገዱ መብራት። እኛ የምንጠይቀው ከስዕሉ ላይ የማይታየውን ነው፦ ከኮርኒሱ በላይ ምን አለ? መልሱ “ምንም” ከሆነ፣ ሕንፃው የቱንም ያህል ያማረ ይሁን፣ ኅዳር ላይ የሚያድርበት ሰው ሂሳቡን እንደ አያቶቹ ይከፍላል። ልዩነቱ እነሱ በእንጨት መክፈላቸው ብቻ ነው።