ባላገርና ከተሜ በአዲስ አበባ ታሪክ

ባላገር ማለት አገር ያለው፥ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ይህ ስም በቀድሞ ዘመን የክብር ስም እንጂ የስድብ ስም አልነበረም፤ ርስቱን ከአባቱ የወረሰ፥ ድንበሩን የሚያውቅ፥ ግብሩን የሚከፍል ሰው ባላገር ይባል ነበር። ሰፈር የሚለው ቃል ግን ሰፈረ ካለው የወጣ ነውና መጀመሪያ ትርጓሜው ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ከተማም ንጉሥ የከተመበት ማለት ነው። እንግዲህ ቃላቱን ራሳቸውን የመረመረ ሰው ባላገር የተቀመጠ፥ ከተሜ ግን ለጊዜው ያረፈ መሆኑን ይረዳል። ኋላ ነገሩ ተገለባብጦ ያረፈው ሰው የተቀመጠውን ባላገር እያለ ይንቀው ጀመር።

የነገሥታት ከተማ ለብዙ ዘመን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወር ነበረ። እንጨቱና ሣሩ ባለቀ ጊዜ ንጉሡ ታቦቱን አስይዞ፥ ካህናቱንና ሠራዊቱን አስከትሎ ይነሣ ነበር። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ይህ ልማድ ቢላላም ፈጽሞ አልቀረም፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርንና መቅደላን፥ ዓፄ ዮሐንስ መቀሌን፥ ምኒልክም አንኮበርንና እንጦጦን ተቀምጠውበታል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ሥር በፍል ውኃው አጠገብ ስትቈረቈርና እቴጌ ጣይቱ ስም ባወጡላት ጊዜ፥ ከነዚህ ሁሉ የበለጠ ዕድሜ ይኖራታል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም።

አቀማመጥዋም የጦር ሰፈር አቀማመጥ ነበረ። ቤተ መንግሥቱ ከመካከል ሆኖ መኳንንቱ በየተመሩት ጉብታ ላይ ሰፈሩ፤ በየመኰንኑም ዙሪያ ወታደሩና ሎሌው ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ብዙ ሳይቈይ እንጨቱ አለቀና ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ሥራ አስጀመሩ። ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለ በቀለ አሳቡ ቀረ፤ ለአዳራሽ የታሰበውም የአዲስ ዓለም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1900 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በባለቤትነት የሚያዝበት ደንብ ወጣ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡር ገባ። ከዚህ በኋላ ሰፈሩ የማይነቀል ሆነ።

ግንብና ባቡር ግን ጎረቤት አይሆኑም። ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ የታየው በሞት ጊዜ ነው።

በባላገር ሰው በሞተ ጊዜ ማን ይቅበረው ተብሎ አይጠየቅም። መርዶው ከተራራ ወደ ተራራ ይጠራል፤ አንዱ መቃብር ይቈፍራል፥ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፥ ሴቶቹ እንጀራውን በየመሶባቸው ይዘው ይመጣሉ። አጨዳውን በደቦ፥ እርሻውን በወንፈል፥ ዝክሩን በማኅበርና በሰንበቴ የሚረዳዳ ሕዝብ ቀብሩንም እንዲሁ ያደርጋል። ካህኑም ከዚሁ ሕዝብ የተለየ አልነበረም። ሰሞን መሬት የሚባለው ለአገልግሎቱ ይሰጠው ነበርና ሰሞነኛ በሆነበት ሳምንት ይቀድሳል፤ ተራው ሲያልፍ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። የዜማና የቅኔ ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ከዚሁ ገበሬ ደጅ ነው። የዋሸራም ሆነ የዋድላ ቅኔ በጭብጦና በቆሎ የቆመ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ወደ ከተማ የመጣው ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶ መጣ። የጌታው ሎሌ የሆነ እንደ ሆነ ጌታው ይቀብረዋል። ጌታ የሌለው የቀን ሠራተኛ፥ ተሸካሚ፥ ጠላ ሻጭ ግን ከማን ወገን ነው? በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ይህ ጥያቄ ተገለጠ። ባንድ ቤት ያሉት ሁሉ በመተኛታቸው ውኃ የሚያቀብል ጠፋ፤ መቃብር ቈፋሪ አነሰ፤ አስከሬን ያለ ፍትሐትና ያለ አልቃሽ የተቀበረበት ቀን ብዙ ነው። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ በእሳት የሚያጨሰው የከተማው ሰው ኅዳር ሲታጠን የሚለው ያንኑ ዘመን በማሰብ ነው።

እድር የተባለው ማኅበር የተስፋፋው እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ ነው። በዚህ ነገር ከቀደሙት መካከል ከጉራጌ አገር ለሥራ የመጡ ሰዎች እንደ ነበሩበት ይነገራል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አባሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ ሰው በሞተ ጊዜ ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ በየደጁ ያሰማል፤ ድንኳኑ፥ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ከእድር ቤት ይወጣል፤ ከቀብር የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ባላገር ያለ ጽሑፍና ያለ መቀጫ ያደርገው የነበረውን ከተሜ በመዝገብና በገንዘብ አደረገው። ይህን በማየት የከተማ ፍቅር በገንዘብ የተገዛ ነው የሚሉ አሉ፤ ፍርዳቸው ግን የቸኰለ ነው። ባላገር ጎረቤቱን አልመረጠውም፥ ከርሱ ጋር ተወለደ እንጂ፤ ከተሜ ግን ቋንቋውንና አገሩን የማያውቀውን ሰው ለመቅበር ፈቅዶ ስሙን አስጻፈ።

የባላገርንም ኑሮ ያለ መጠን ማመስገን አይገባም። በድንበር ምክንያት ወንድም ወንድሙን ይገድል ነበር፤ በብዙ አውራጃ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለ መሬቱ ይሰፍር ነበር፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ፥ ፋቂውም በእጁ ሥራ ይናቅ ነበር። ይህ ንቀት በከተማ ጨርሶ ባይጠፋም ቀለል አለ፤ ከጋሞ ተራራ የወረዱት ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ ተቀምጠው የሠሩትን ጥበብ መኳንንቱም ካህናቱም ለበሱት። ብቻዋን የቀረች ሴትም ጠላ ጠምቃ፥ ጠጅ ጥላ በስሟ ቤት ልታቆም የቻለችው ከሁሉ ይልቅ በከተማ ነው። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የገበያ ስፍራ አራዳ ይባል ነበርና፥ ኋላ ብልጥና ዓይኑ የተገለጠ ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። ከነዚህ አራዶች ብዙዎቹ የባላገር ልጆች ናቸው።

ሁለቱንም ኑሮ በአንድ ዓመት የለወጠው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፥ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ቀንበር ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰሞን መሬቷንና የኪራይ ቤቶቿን አጣች። የባላገሩ ቄስ እንደ ማናቸውም ገበሬ ከገበሬ ማኅበር የደረሰውን ማሳ እያረሰ ያገለግል ጀመር። የከተማው ደብር ግን በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተሠራ ሰበካ ጉባኤ ነበረውና ምእመናኑ በሚያዋጡት ገንዘብ ቆመ። ነገሩን ለሚመለከት ሰው ደብሩ ራሱ የእድርን መንገድ ተከተለ ማለት ይቻላል። ከዚህም የተነሣ ደመወዝ ያለው በከተማ ስለ ሆነ ዲያቆኑም መሪጌታውም ወደዚያ ፈለሰ፤ በገጠር ግን ጧፍና ዕጣን፥ ቀዳሽም አጥተው የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በከተማ ማሕሌት የሚቆመው ሊቅ የተማረበትን ጭብጦ የሰጠው መንደር ዛሬ ለክርስትና ቄስ ፍለጋ ወንዝ የሚሻገር ከሆነ፥ ይህ የከተሜው ዕዳ እንጂ የባላገሩ ጉድለት አይደለም።

ከተማይቱ ደግሞ እንደ ገና የመነሣት ጠባይዋ አልተዋትም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከአሮጌ ሰፈሩ እየተነሣ፥ ሌላውም ዕጣ እየደረሰው በጀሞ፥ በየካ አባዶ፥ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለይ ቀድሞ የተናጋው እድሩ ነው። አንዳንዱ በአዲሱ ቤቱ ሆኖ ለቀድሞው እድር ወርኃዊውን መክፈል አልተወም፤ ሰው በሞተ ጊዜም ከከተማው ዳር ሁለትና ሦስት መኪና እየቀያየረ ወደ አሮጌው ሰፈር ይመጣል። በአዲሶቹ ፎቆች ደግሞ ከየሰፈሩ የተሰበሰቡት እንግዶች እንደ አያቶቻቸው ስማቸውን እያስጻፉ አዲስ እድር አቁመዋል፤ ድንኳኑም በፎቆቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ይተከላል።