ጤፍ 10፣ ብር 6፣ ጫት 12

ወገን፣ ዛሬ ከፖለቲካ ትንሽ እንረፍና ስለ ስክራብል ላውራችሁ።

ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል የኒውዮርክ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት፣ ከሥራ ወጣ። ጭንቅላቱ ግን ሥራ አልፈታም። ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንቴ እንደሚመጣ አንድ በአንድ ቆጠረ። ዋጋው የወጣው ከዚያ ነው፦ ኢ 12 ጠጠር አላት፣ ዋጋዋ 1፤ ኪው አንዲት ብቻ ናት፣ ዋጋዋ 10። ኤስ ቃልን ወደ ብዙ ቁጥር ስለምትቀይር ጨዋታው እንዳይቀል 4 ብቻ አደረጋት። ኢንጂነር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይኼ ንጹሕ ስሌት ነው!

የጨዋታ አምራቾች ግን አልቀበልም አሉት። በ1948 ጀምስ ብሩኖት ወስዶ ስክራብል የሚለውን ስም አወጣለት፤ በ1950ዎቹ አሜሪካን አጥለቀለቀ።

ታዲያ ተጫዋቾቹ ብርቅ ቃል አዳኝ ናቸው፤ ካደኑት ውስጥ የእኛም አለበት። ብር 6 ነጥብ ነው። ንጉሥም እንደዚያው 6፤ እንግሊዞች ግን በዚያው ፊደል በአንድ ኮሎኔል ስም የተጠራ ትኩስ የወይን መጠጥም አላቸው። ጤፍ በሁለት ኤፍ ሲጻፍ 10 ነው። ጫት በኪው ሲጻፍ 12! በእርሻው ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በሰሌዳውም ጫት እህልን ይበልጣል።

ዲግሪያችሁን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣችሁ መሪ ለጨበጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ በትስ ፊደል የቆጠረው ሥራ አጥቶ ነው። ሥራ ይወሰዳል፣ እውቀት አይወሰድም። እናንተስ ምን እየቆጠራችሁ ነው?