«የሥራ ፈቃድ» የተባለው ቃል በነዳጅ ዘይት ሥራ

በነዳጅ ዘይት ሠራተኞች ቋንቋ «የሥራ ፈቃድ» ማለት አንድ ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅድ፣ ምን እንደ ተፈታና ምን እንዳልተገጠመም የሚያስታውቅ ወረቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ በተባለው የዘይት ማውጫ ላይ የኮንትራት ሠራተኞች የአንዱን ፓምፕ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና አውጥተው በቦታው መክደኛ አደረጉ። ሥራው ስላልተፈጸመም ፈቃዱ «ለጊዜው የታገደ» ተብሎ ተቀመጠ። ማታ ሌላው ፓምፕ በቆመ ጊዜ ግን ተረኞቹ ይህን ሳያውቁ የፊተኛውን አስነሡት። ጋዝ በመክደኛው በኩል አምልጦ ተቃጠለ፤ 167 ሰዎችም ሞቱ።

መርማሪው ዳኛ ሎርድ ከለን በ1990 ባወጡት ሪፖርት ጥፋቱን ከፈቃድ አያያዝና ከተረኞች ርክክብ ጉድለት ጋራ አያያዙት፤ 106 የማሻሻያ ሐሳቦችንም አቀረቡ። እንግዲህ በመዝገብ የሰፈረ ነገር ለተረካቢው ካልተነገረ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።