ሂሳዊ አስተሳሰብ እና ስልታዊ ችግር አፈታት

ሂሳዊ አስተሳሰብ አንድን አባባል ከመቀበል አስቀድሞ ማስረጃውን የመመርመር ልማድ ነው። ስልታዊ ችግር አፈታት ደግሞ ያለውን ጊዜና አቅም አገናዝቦ ወደ ግብ የሚያደርስ መንገድ መቀየስ ነው። የመጀመሪያው «በምን ታወቀ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለተኛው «ከየት እንጀምር?» ይላል።

በዋግ ኽምራ ዋና ከተማ የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ለሁለቱም ጥሩ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ይህ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ያለመ ነው። የቀነጨረ ልጅ ሲታይ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «እህል ቢያጣ ነው» የሚል ነው። ሆኖም ጥሩ ምርት በሚታፈስባቸው አካባቢዎችም ልጆች ይቀነጭራሉ። ንጹሕ ያልሆነ ውኃ የሚያስከትለው ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ከአንድ ዓይነት እህል ያልዘለለ ምግብ፣ የእናት የሥራ ጫና ሁሉ ድርሻ አላቸው። ይህን ለይቶ ማወቅ የሂሳዊ አስተሳሰብ ሥራ ነው።

ስልቱ ከዚህ ይቀጥላል። ጤና፣ ግብርና፣ ውኃና ትምህርት በጋራ እንዲሠሩ ሆነ፤ ሥራውም በመላ አገሪቱ በአንዴ ሳይሆን በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፦ መቀንጨር ቢቀንስ ምክንያቱ ሥራው ነው ወይስ የዓመቱ ዝናብ መልካም መሆኑ? ይህን ለመለየት ተመሳሳይ ዝናብ ካገኙ፣ ሥራው ግን ካልደረሰባቸው ወረዳዎች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።