ሸረሸረ

ሸረሸረ፤ ግስ። አንዱን ነገር በአንድ ምት ሳይሰብሩ ከሥሩና ከዳሩ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ ማድከም። እንግሊዞች «አንደርማይን» ከሚሉት ግስ ጋር በምሥጢር ይገናኛል፤ የእነርሱ ቃል ግን ቅጥርን ለመጣል ከመሠረቱ በታች ጉድጓድ ይምሱ ከነበሩ ወታደሮች ግብር የተወለደ ሲሆን፣ የእኛው የሚታወቀው በጎርፍ ሥራ ነው።

በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል በምትገኘው በሉማሜ አካባቢ፣ በሐምሌ ዝናብ ማሳው እንዳይታጠብበት በእርፍና በማረሻ «ፈሰስ» የሚባል የውኃ መውረጃ ቦይ የሚያወጣ ገበሬ፣ ቦዩ ቁልቁለቱን ተከትሎ ከበረታ ውኃው ያንኑ ቦይ እየሸረሸረ ወደ ቦረቦር ሲለውጠው በዓይኑ ያያል፤ የቃሉን ፍቺ ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ መምህር አይገኝም።

ከዚህ ግዙፍ ፍቺው ተነሥቶ ወደ ረቂቁ ሲሻገር፣ ሥልጣን፣ እምነት፣ ወዳጅነትና የገንዘብ የመግዛት አቅም «ተሸረሸረ» ይባላል። በፍቺ ከሚቀራረቡት ግሶች ግን ከግእዙ «ደክመ» የሚዛመደው «አደከመ» በተለይ ለሥጋና ለነፍስ፣ «አላላ» ለገመድና ለቋጠሮ፣ «አቀጠነ» ለወጥና ለጠላ ይስማማል። «ተንሸራሸረ» ለመናፈስ ስለሚነገር በድምፅ መቀራረቡ አንባቢን አያሳስት።

ሸረሸረ ያለ ጊዜ ርዝመት አይፈታም፤ ስለዚህ «በአንድ ሌሊት ተሸረሸረ» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው፣ ለእንዲህ ያለው «ተናደ» ይበቃል።